ለታመመ ወዳጅ ምን ይዘን እንሂድ?



በዚህ የትምህርት ዘመን አንዲት መምህርታችን የጡት ካንሰር ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። ይህን የምንጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው።

ወሬው እንደተሰማ፣ እንደ ባህላችን አሥራ አራት ሆነን ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጭማቂና ትልቅ እቅፍ አበባ ይዘን ቤታቸው ሄድን። እሳቸውም እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይወጣም ብለው ተነሡ። እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ጨዋታው ደራ። በማግስቱ ከአልጋቸው መነሣት እንዳልቻሉ፣ የእጣኑና የአበባው ሽታም ሲያቅለሸልሻቸው እንዳደረ የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። የሄድነው በፍቅር ነበር፤ ግን አስቀድመን አልጠየቅንም።

ባዶ እጅ ወደ ታማሚ መሄድ ነውር ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። እኛም አንቃወምም። እዚህ ናይሮቢ እናትና እህት ሩቅ ናቸው፤ ዘመዱ ጎረቤትና ባልደረባ ነው። የምንለው፣ ስጦታው የታማሚዋን ቀን የሚያቀል ይሁን ነው።

ለዚህ ሕክምናውን ትንሽ ማወቅ ይረዳል። ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ድካሙና ማቅለሽለሹ ይበረታል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ስለሚቀንሱ ተራ ኢንፌክሽን እንኳ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት ከሚሄድ ስልክ ይደውል። የሚሄደውም አስቀድሞ ቀኑን ይጠይቅ፣ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ይሂድ፣ ቡናውን ራሱ በፔርሙስ ይዞ ይምጣ፣ ሳይቆይም ይነሣ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንድ ወደ ላይ ማንሣት ስለሚከብድ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝና ብብት ሥር የሚገባ ትንሽ ለስላሳ ትራስ ይጠቅማሉ። ፀጉር ሲረግፍ ደግሞ የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ ራስ ላይ ይጠናል፤ ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ያን ጊዜ ትልቅ ስጦታ ነው። ሐኪም ያላወቀውን ቅጠላ ቅጠል ግን አንውሰድ። «እገሊትም በዚሁ ሞተች» የሚለውን ወሬም ከበር ውጭ እንተወው።

መምህርታችንን ከሁሉ በላይ የረዳቸው የአንዲት ባልደረባቸው ጥያቄ ነበር፦ «በዚህ ሳምንት የትኛው ቀን ይከብድሻል?» መልሱ ሐሙስ ነበር፤ የሕክምና ቀን ስለሆነ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚወስድላቸው አልነበረም። ባልደረባቸው ልጁን ወሰዱ። ቀጥሎም ወላጆች ተራ ያዙ፤ አንዷ እንጀራ ጋገሩ፣ ሌላው በመኪናቸው ሐኪም ቤት አደረሱ፣ ሌላዋ ልብስ አጠቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ሲሆን ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም በየሳምንቱ የተማሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ላኩላቸው። «ክፍልፋይ ተምረናል፤ ግን የእርስዎ ይሻላል» ያለውን ወረቀት መድኃኒቱ በደም ሥራቸው ሲንጠባጠብ ሦስት ጊዜ እንዳነበቡት ነግረውናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል። ይህ ፈተና ነገም ከመካከላችን የአንዱን ቤት ሊያንኳኳ ይችላል። ያን ጊዜ እንደ መጀመሪያው ቀን በአንድነት ግር ብለን ሄደን በሦስተኛው ወር እንዳንጠፋ አደራ እንላለን። ሕክምናው ካለቀም በኋላ ድካሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

መምህርታችን በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በግማሽ ክፍለ ጊዜ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ተማሪዎች ሆይ፣ ደብተሮቹን እስከ መምህራን ክፍል ተሸከሙላቸው፤ ሲያስተምሩም ድምፃቸውን ከፍ ለማድረግ እንዳይገደዱ ጸጥ በሉ። ይህም ስጦታ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።