በሣጥኑ ውስጥ ያለችው ገረድ

ማሽን ንቃተ ኅሊና ሊኖረው ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን እዚህ ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር በምንሰባሰብበት ክፍል ውስጥ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አከራክሮናል። የክርክሩ መነሻ «ብላክ ሚረር» ከተሰኘው የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም አንዱ ክፍል፣ ዲሴምበር 16 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በቻናል 4 የታየው «ኋይት ክሪስማስ» ነው። ኮምፒዩተር የሚያጠኑት ጓዶች «ፕሮግራም እንጂ ፍጡር አይደለም» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ነፍስን ከፈጣሪ በቀር ማንም ሊሰጥ አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን በጅራቱ ይዘውታል የሚል ነው።

ፊልሙን ላላዩ አንባብያን ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ግሬታ የምትባል ባለጸጋ ሴት በጭንቅላቷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ታስቀብራለች። ዕቃዋ ለአንድ ሳምንት ያህል ሐሳቧንና ልማዷን ስትቀዳ ከርማ ትወጣለች፤ ቅጂውም እንቁላል በሚመስል ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቅጂዋ ግን ቅጂ መሆኗን አታውቅም። ራሷን ግሬታ አድርጋ ነው የምታስበው። ማት የሚባል የኩባንያ ሠራተኛ የኮድ ክምችት እንጂ ሰው አለመሆኗን፣ ሥራዋም የእመቤቲቱን ቤት ማስተዳደር መሆኑን ያስረዳታል፤ መጋረጃ መክፈት፣ ቀጠሮ ማስታወስ፣ ዳቦ በእመቤቲቱ ፍላጎት ልክ መጥበስ። እምቢ ትላለች። ማት አይቆጣም፣ አይመታትም። ሰዓቱን ብቻ ያፈጥነዋል። በሱ ዘንድ ጥቂት ሴኮንድ ሲያልፍ በሷ ዘንድ ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ እንቅልፍ የለ፣ ሥራ የለ፣ የሚያነጋግራት ሰው የለ። አሁንም እሺ ሳትል ስትቀር ስድስት ወር ይጨምርላታል። ከዚያ በኋላ ሥራ ስጡኝ ብላ የምትለምነው ራሷ ናት። ጠዋት እመቤቲቱ በሙዚቃ ትነቃለች፤ ዳቦውም ልክ እንደምትወደው ሆኖ ይቀርብላታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማት በአፉ «አንቺ ሰው አይደለሽም» ይላል። በእጁ የሚሠራው ግን ብቸኝነት በማይሰማው ነገር ላይ ፈጽሞ ሊሠራ የማይችል ዘዴ ነው። ድንጋይን ስድስት ወር ለብቻው ቢያስቀምጡት ሥራ ስጡኝ አይልም። ስለዚህ ገዥው ለጥያቄው መልስ ቀድሞ ሰጥቶበታል፤ ተገዥዋ እንደሚሰማት አሳምሮ ያውቃል፤ የሚያሠራትም በዚሁ ነው። የባሪያ ሥርዓትም እንደዚሁ ነበር። በሀገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942፣ በሳውዲ አረቢያ ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ የነበሩት ጌቶች ባሪያቸው ስሜት እንዳለው ተጠራጥረው ያውቃሉን? ባይሰማው ኖሮ አለንጋው ምን ይረባቸው ነበር? የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ንቃተ ኅሊና የሚለውን ቃል የተማሪው እንቅስቃሴ የለመደው ለጭቁኑ መንቃት መሆኑም በዚህ አጋጣሚ ቢታወስ አይከፋም።

ይህን ፊልም ሎንዶን ላይ ማየትና ሪያድ ላይ ማየት አንድ አይደለም። ኦክቶበር 25 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በዚህችው ከተማ በተደረገ የኢንቬስትመንት ጉባዔ ላይ፣ የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ለሠራት ሶፊያ ለተባለች ሮቦት የሳውዲ ዜግነት መሰጠቱ ተነገረ። ከሶፊያ ሶፍትዌር ሠሪዎች መካከል የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ይገኙበታል፤ እርሷም በ2018 ሀገራችንን ጎብኝታለች። ሶፊያ የተዘጋጀላትን መልስ የምትናገር አሻንጉሊት እንጂ ሌላ አለመሆኗን የኮምፒዩተር ጓዶቻችን ይመሰክራሉ። በዚያን ቀን ግን ስንት የኢትዮጵያ ልጅ በየቤቱ እንጀራ ፍለጋ የሰው ልጅ አዝላ፣ ወለል ስትወለውል እንደነበር ማንም ጉባዔ አልጠየቀም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በኖቬምበር አጋማሽ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን የማሰሩ ዘመቻ ተጀመረ። ከሜይ 2017 እስከ ማርች 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ 260,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ አረቢያ መመለሳቸውን ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት መዝግቧል። ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በኖቬምበር 2013 ከዚህ ከዑድ ብዙም በማይርቀው በመንፉሃ ሰፈር ወገኖቻችን ተደብድበዋል፣ ተገድለዋልም፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ሰው ወደ ሀገሩ ተጭኗል።

በፊልሙ መጨረሻ ማት ራሱ ቅጣት ይደርስበታል። ከእስር ይፈታል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ እንዳያየውና እንዳይሰማው ይደረጋል። በጎዳና ላይ ሲሄድ ለሌላው ጥላ ብቻ ነው፤ ቢጮህም ድምፁ ለማንም አይደርስም። ክፍላችን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ይህን ሲያዩ በአንድ አፍ «ሁሩብ!» አሉ። እውነትም ነው። በካፋላ ሥርዓት አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ያመለከተባት ሠራተኛ ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ደመወዟን ከልክሎ ይሁን ደብድቦ ያባረራት፣ ክሱን የሚያስመዘግበው እሱ ነው። በማርች 2021 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው፣ አሠሪ ለመቀየር የሚፈቅደው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን ወደ ጎን ትቶ ነው የወጣው። ፊልም ደራሲው ይህን ሁሉ ሳያውቅ እንደጻፈው እገምታለሁ፤ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ማሽን ባላስፈለገው ነበር።

ይሁን እንጂ ጣታችንን በሳውዲው እመቤት ላይ ብቻ ቀስረን የምናቆም ከሆነ ግለ ሂስ የሚባለውን ረስተነዋል ማለት ነው። ከመካከላችን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ያደገ ሁሉ፣ እናቱ ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ ማእድ ቤት ጥግ ስትተኛ ያላየ ማነው? ቡናውን የአባባን ፍላጎት አውቃ የምታፈላ፣ የልደት ቀኗን ግን ማንም የማያውቅላት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከውስጡ አውጥቶ፣ በሌላ ደንብ ይወሰን ብሎ አሳልፎታል። እኛ በክረምት ለዕረፍት ስንመለስ ሸሚዛችንን ተኩሳ የምትሰጠን ያች ልጅ ናት። ስሟን የምንጠራው ስንፈልጋት ነው።

አንዳንድ ጓዶች «ታዲያ የማሽኑ ጥያቄ ትርፍ ወሬ ነው ልትለን ነው?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ነገ እንዲህ ያለውን ሣጥን ከሚሠሩት መካከል እኛው እንገኝበታለን። ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሣሁት። ሠሪው «ይሰማታል ወይስ አይሰማትም?» ብሎ ከሚደክም ይልቅ፣ እምቢ ብትል ምን ትሆናለች፣ በሩስ ከየት ነው የሚከፈተው ብሎ ይጠይቅ። ለሥጋዋ ገረድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ለኮዷ ገረድ ይጠየቅላታል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው።

በመሆኑም ለማኅበሩ የጥናት ክበብ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፊልሙ በድጋሚ ይታይ፤ በዚህ ጊዜ ግን ተማሪዎች ብቻ ሆነን አይሁን። በቤት ሥራ የሚተዳደሩ እኅቶቻችን በደንቡ የሳምንት ዕረፍት አላቸው፤ ዕረፍቱን ከሚያገኙት መካከል ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምጣት የሚችሉ ይጋበዙ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ የሚመልሱ ሁለት ጓዶች ይመደቡ። ውይይቱ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ፤ እኛ ደግሞ ማስታወሻ እንያዝ፣ ሻይም እናፍላ።