ሮዝ በርገር ለልጅ አይሰጥም፦ «ቁርጥ እየበላን አድገን የለም ወይ?» ለሚሉን



ሰሞኑን አንዲት እናት ከአቀስታ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጃቸው ቲክቶክ ላይ ያየውን በርገር «ካልሠራሽልኝ» ብሎ አላስቀምጥ አላቸው። ሥጋውን ራሳቸው ከተፉ፣ ጠፈጠፉ፣ ጠበሱ። ቪዲዮው ላይ «ውስጡ ሮዝ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው» ስለተባለ ቶሎ አወጡት። ልጁ ከበላ በኋላ ግን ልባቸው ፈራ። ከጥያቄያቸው ሥር እንዲህ ብለዋል፦ «አባቱ ግን ‹እኛ ቁርጥ እየበላን አድገን የለም ወይ? ምን ይሆናል?› ይላል።»

ልጁ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአባትየውን ጥያቄ ግን በየቦታው ስለምሰማው ዛሬ ፊት ለፊት ልመልሰው። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ እስከ ውስጡ ሳይበስል ለልጅ አይሰጥም። በርገርም ይሁን ለብለብ ክትፎ፣ ሆቴልም ይሠራ ቤት፣ ልዩነት የለውም።

በቅድሚያ ለበርገሩ ጥብቅና ልቁም። «የፈረንጅ ምግብ ነው፣ ተዉት» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ቤት የተሠራ በርገር ሥጋ፣ ዳቦ፣ ቲማቲምና ሰላጣ ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ፕሮቲንና አይረን ይሰጣል። ጉዳቱ የሚመጣው ጨው ሲበዛ፣ ጎኑ ላይ የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ መጠጥ ሲደረደር ነው። «ሃም የአሳማ ሥጋ ስለሆነ አንበላም» የምትሉም አትስጉ። ስሙ የመጣው ከጀርመኗ ሃምቡርግ ከተማ ነው። የተለመደው ሀምበርገር የሚሠራው ከበሬ ሥጋ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሥርዓቱ ካረደው ሥጋ ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ ጠቤ ከበርገሩ ጋር አይደለም። ጠቤ «ሮዝ ይሁን» ከሚለው ምክር ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበሬና በበግ አንጀት ውስጥ ኢ ኮላይ ኦ157 የሚባል ጀርም ሊኖር ይችላል። እንስሳውን አያሳምመውም፤ የሰባ ጤነኛ ሰንጋም ሊሸከመው ይችላል። በእርድ ጊዜ ከቆዳው ወይም ከፈርሱ ወደ ሥጋው ይነካካል። ቆዳ የገፈፈ ቢላዋ ሳይታጠብ ሥጋ ሲቆርጥ በቅርጫ ላይ ያላየ ማን አለ?

ሥጋው ሙሉ ሙዳ ሆኖ ሳለ ጀርሙ የሚቀመጠው ላዩ ላይ ነው። መጥበሻው ላዩን ሲያገኘው ጀርሙ ይሞታል። ሥጋው ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ግን ላዩ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን ጀርሙ ያለው የበርገሩ እምብርት ላይ ነው። ውጪው ቢቃጠል እንኳ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ጀርሙ በሕይወት ይኖራል። ልጅን ለማሳመም ደግሞ ከመቶ ያነሱ ጀርሞች ሊበቁ ይችላሉ።

«ይህ የአሜሪካ በሽታ ነው» እንዳትሉኝ። አሜሪካኖችም የተማሩት ልጆቻቸውን ቀብረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለው የበርገር ድርጅት ቤቶች በተሸጠ በደንብ ያልበሰለ በርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 4 ሕፃናት ሞቱ። በዓመቱ መንግሥታቸው ይህ ጀርም ያለበትን የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሸጥ ከለከለ። ጀርሙ በእኛም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የደብረ ዘይትና የሞጆ ጥናት በበሬም፣ በበግም፣ በፍየልም ሥጋ ላይ አግኝቶታል።

አሁን ወደ ክርክሮቹ ልምጣ።

«አባቶቻችን ጥሬ በልተው ዘጠና ዓመት ኖረዋል።» እውነት ነው፣ የኖሩት ኖረዋል። በአምስት ዓመታቸው በተቅማጥ የሞቱት ግን ዛሬ መጥተው አይመሰክሩም። በየቤቱ «አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ሆዱን አሞት ሞተ» የሚሉ አያቶች አሉ። ምን እንደገደለው ማንም አልመረመረም። ቁርጥም ቢሆን ደህና ነው እያልኩ አይደለም። የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በጥሬ ሥጋ ይተላለፋል። ለኮሶ ትል መድኃኒት አለው። ለደከመ የሕፃን ኩላሊት ግን የሚጠጣ ኮሶ የለም።

«አቀስታ ብርድ ነው፣ ሥጋ አይበላሽም።» ብርድ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ፍሪጅም ያው ነው። አምባ ፈሪት ላይ የሚያድር ብርድ ሥጋው እንዳይሸት ይረዳ ይሆናል። ይህ ጀርም ግን ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም።

«ሚጥሚጣና ሎሚ ይገድለዋል፣ አረቄ ከተጠጣበት አያሳስብም።» አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው።

«የራሳችን በሬ ነው፣ ከሣር በቀር አልበላም።» ሣር የበላ በሬም ይህን ጀርም ይሸከማል። «ቤት የተሠራ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው የእጃችሁ ንጽሕናና የእሳቱ ነገር ነው።

እንግዲህ ከከለከልኩ አሠራሩንም ልንገራችሁ። ለ4 በርገር፦

1. ግማሽ ኪሎ ትኩስ ሥጋ ያዙ፤ ከአምስት እጁ አንድ እጁ ጮማ ቢሆን አይደርቅም። ገበያ ላይ ተፈጭቶ የዋለ አትግዙ፤ ሙዳውን ገዝታችሁ ቤት ፍጩት ወይም በደንብ ክተፉት።

2. ሰላጣውን፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ከሥጋው በፊት ክተፉና ለብቻ አስቀምጡ። ጥሬ ሥጋ የነካ መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ዳቦም ሰላጣም አይንካ። እጃችሁም እንዲሁ።

3. ሥጋውን አራት ቦታ ከፍላችሁ በጣት ውፍረት፣ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ጠፍጥፉት። መሐሉን በአውራ ጣት ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት፤ ሲበስል መሐሉ እንዳያብጥ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ልትጠብሱት ስትሉ ብቻ ነስንሱ። ወፍራም በርገር ለቪዲዮ ያምራል፣ ለመብሰል ግን ያስቸግራል።

4. መጥበሻው በደንብ ይጋል። እያንዳንዱን ጎን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ጥበሱ። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጋችሁ ክደኑትና 3 ደቂቃ በእንፋሎቱ ይጨርስ። ይህች ክዳን ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት ትልቅ እገዛ ናት።

5. የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን እዩ። የሌላችሁ ወፍራሙን መሐል ቁረጡት። ቀይ ፈሳሽ ወይም ሮዝ ካያችሁ ወደ እሳቱ መልሱት። የተፈጨ ሥጋ አንዳንዴ በደንብ ሳይበስል ቡናማ ስለሚሆን ቀለሙን ብቻ አትመኑ፤ ስስ መጠፍጠፉንና ክዳኑን አትዝለሉ።

6. የበሰለውን ጥሬው በነበረበት ሳህን ላይ አትመልሱ። ከተለመደው ክብ ዳቦ ጋር ስጡት። ለአዋቂው ካቻፕ ከሌለ አዋዜ ይበቃል።

ይህ የበሰለ በርገር ይደርቃል ያላችሁ ማን ነው? ጮማው ካለ፣ በማንኪያ እየጨፈለቃችሁ ጭማቂውን ካላስወጣችሁት አይደርቅም።

አሁን ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡ። ልጁ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ከበላ በኋላ ባሉት ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ ሆዱን በኃይል ቆርጦት ተቅማጥ ሊጀምረው ይችላል። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ብዙ ልጆች ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተቅማጡ ከጀመረ ሳምንት ገደማ ሲሆነው የጀርሙ መርዝ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብርና የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋል። ወላጅ «ተቅማጡ ቆመለት፣ ተሻለው» ብሎ በሚደሰትበት ሰዓት ልጁ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ይፈዛል። ያኔ ለነገ አይባልም።

ከፋርማሲ ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ገዝታችሁ አትስጡት፤ መርዙን ሆዱ ውስጥ ያቆየዋል። አንቲባዮቲክም በግምት አትጀምሩ። ደም ያለው ተቅማጥ በእኛ አገር በሌሎች ጀርሞችም ይመጣል፣ ለአንዳንዶቹ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ለዚህኛው ግን የኩላሊቱን አደጋ ሊያብሰው ይችላል። መርምሮ የሚለየው ባለሙያ ነው። እስክትደርሱ ኦ አር ኤስ እየሰጣችሁ ውሰዱት፣ ጡት የሚጠባም ከሆነ አታቋርጡ። ምን ሥጋ፣ መቼ እንደበላም ሳትጠየቁ ንገሩ።

የኩላሊት እጥበት በየወረዳው አይገኝም። ሕፃን ታቅፎ ከተራራ ወርዶ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ እየተላኩ መንከራተትን ያየ ሰው «ምን ይሆናል?» አይልም። በአንድ በኩል ይህ ሁሉ አለ፤ በሌላው በኩል በክዳን የሚጨመር 3 ደቂቃ። ሚዛኑን ለእናንተ ትቻለሁ።

ለአባትየው፦ ጋሼ፣ የራስዎን ቁርጥ እርስዎ ያውቁበታል፤ እኔ ባልመክርዎም ምርጫው የእርስዎ ነው። ልጁ ግን አልመረጠም። ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያንና አቅማቸው በሕመም ለደከመ ሰዎች ሁሉ ሥጋው እስከ ውስጡ ይብሰል።

ለእናትየው፦ እሜቴ፣ ጠይቀው ጥሩ አደረጉ። የሚቀጥለውን በርገር ክዳኑን አድርገው ይሥሩት፣ ልጁም ጠግቦ ይብላ።

በዓል ሲደርስ ሥጋ የማይገባበት ቤት የለምና ይህን ጽሑፍ ለወላጆች ሼር አድርጉልኝ። ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉ።