የበዓል ሸርጣንና የባሕሩ ደፍ

በሰሜን ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ፣ በተለይም በሳን ፍራንሲስኮና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ የኖቬምበር ወር በገባ ቁጥር ሦስት የማይተዋወቁ የጊዜ ሰሌዳዎች ይገጣጠማሉ። አንደኛው ሥጋው የሚሞላበትን ወቅት የሚከተለው የሸርጣኑ ሰሌዳ ነው፤ ሁለተኛው የቅዝቃዜው ወራት አውሎ ነፋስ መነሣት የሚጀምርበት የፓስፊክ ውቅያኖስ ሰሌዳ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የማዕዱ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ በተለምዶ ታንክስጊቪንግ የሚባለው፣ በወሩ አራተኛ ሐሙስ እንዲውል በሕግ ተወስኗል። ሸርጣኑ ሊዘገይ፣ ባሕሩም ሊረጋጋ ወይም ሊቆጣ ይችላል፤ ንቅንቅ የማይለው የማዕዱ ቀን ብቻ ነው። በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ውጭ የሚወጣውን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠውም የባሕሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ይኸው የማይነቃነቅ ቀን ጭምር ነው።

ደንጀነስ የሚባለው ሸርጣን ስሙን ያገኘው በዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ ላይ ካለች ስፍራ ሲሆን፣ ከአላስካ እስከ ማዕከላዊ ካሊፎርኒያ ባለው አሸዋማ የባሕር ወለል ይኖራል። አጥንቱ ውጭ ስለሆነ ለማደግ የግድ አሮጌውን ጠንካራ ልባስ ጥሎ አዲስ ማብቀል አለበት፤ አብዛኞቹ ወንዶች ይህን የሚያደርጉት ዝናብ በማይጥልባቸው ሞቃት ወራት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የተያዘ ሸርጣን ልባሱ በጣት ሲጫን ይሰረጉዳል፣ ውስጡም ከሥጋ ይልቅ ውኃ ይበዛበታል። በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ የንግድ አጥማጆች ወቅት በኖቬምበር 15፣ ለራሳቸው ማዕድ የሚያጠምዱት ሰዎች ወቅት ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ እንዲከፈት የተደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። የንግድ አጥማጁ ከ6¼ ኢንች ያነሰ ስፋት ያለውን ወንድና ማንኛዋንም ሴት ወደ ባሕር ይመልሳል፤ ለማዕዱ የሚያጠምደው በበኩሉ ከ5¾ ኢንች ያላነሱ በቀን ዐሥር ሸርጣኖች ይፈቀዱለታል። የተያዘው በሕይወት እንዳለ ጨው በበዛበት በፈላ ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀልና ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ እግሮቹ በመዶሻ ወይም በመሰንጠቂያ ይሰበራሉ፣ ነጩ ሥጋ በቀለጠ ቅቤ እየተነከረ ይበላል። ከጄኖዋና ከአካባቢዋ የመጡት ጣሊያናውያን ዓሣ አጥማጆች በሳን ፍራንሲስኮ ያለመዱት ቺዮፒኖ የተባለው በቲማቲምና በወይን የሚሠራ የባሕር ወጥም ለብዙ ቤተሰቦች የፈረንጅ ገና ዋዜማ ምግብ ሆኗል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ማዕድ ሩቅ ሊመስል ይችላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ አይበላም፤ በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የአሜሪካው የምስጋና በዓልም በዚያው ሰሞን ይውላል። ይሁን እንጂ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሲያትል በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ «ቅዳሜ ሸርጣን ልናጠምድ ነውና አብራችሁን ውጡ» ሲላቸው ሸርጣኑን ባይበሉ እንኳ ጀልባው ላይ መውጣታቸው አይቀርም። በደጋ አድጎ ከባሕር ጋር በአካል ያልተዋወቀ ሰው እንዲህ ያለውን ግብዣ ሲቀበል ከምግቡ ሕግ አስቀድሞ የውኃውን ሕግ መጠየቅ ይኖርበታል።

የሚገርመው፣ የማዕዱ ቀን የማይነቃነቅ ቢሆንም ሸርጣኑ ለቀኑ እንዳይደርስ መንግሥት ደጋግሞ ማድረጉና ሕዝቡም መቀበሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የባሕሩ ውኃ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ ጥቃቅን አልጌዎች እጅግ ተባዙ፤ እነዚህ አልጌዎች ዶሞይክ አሲድ የተባለ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ ሲሆን፣ መርዙ በሸርጣኑ ሆድ ዕቃ ይከማቻል፣ በማብሰልም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ የንግድ ወቅቱ እስከ 2016 ማርች መጨረሻ ድረስ ሳይከፈት ቀረ፤ የምስጋናው በዓል፣ ገናውና አዲስ ዓመቱ ያለ አገሩ ሸርጣን አለፉ። በተመሳሳይ ሰሞን ከወጥመዱ እስከ ውኃው ገጽ ቀጥ ብሎ በሚቆመው ገመድ የሚጠላለፉ ዓሣ ነባሪዎች ቁጥር በመጨመሩ ጉዳዩ በ2017 ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2019 በስምምነት ተቋጨ፤ ከዚያ ወዲህ የንግድ ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምስጋናው ቀን በኋላ ሲከፈት፣ በአንዳንድ ዓመታትም ጃንዋሪ ድረስ ዘግይቷል። ለተመጋቢው ጤና ሲባል ማዕዱ ባዶ ሆነ፣ ለዓሣ ነባሪውም ሲባል ባዶ ሆነ፤ ያጉረመረመ ቢኖርም ተርኪ የሚባለው ዶሮ መሳይ ወፍ ታርዶ በዓሉ ተከበረ። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በጀልባው ላይ ለሚሳፈረው ሰው ሲባል ግን ብዙም አይታይም።

የአደጋውን ጠባይ ለመረዳት ባር የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ባር ማለት በወንዝ ወይም በባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ የሚከማች የአሸዋ ደፍ ሲሆን፣ ከውስጥም ከውጭም ካለው ውኃ ይልቅ በእርሱ ላይ ያለው ጥልቀት ያነሰ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላልም፤ በሚጎድልበት ሰዓት በወሽመጡ ውስጥ የታቆረው ውኃ በጠባቡ አፍ ተጨናንቆ ወደ ውጭ ይጎርፋል፣ በዚያው ሰዓት ምናልባት በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በነበረ አውሎ ነፋስ የተነሣ ረጅም ማዕበል ወደ ውስጥ ይመጣል። ሁለቱ ደፉ ላይ ፊት ለፊት ሲጋጠሙ የማዕበሉ ርዝመት ያጥራል፣ ከፍታው ይጨምራል፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይልና ይሰበራል። በትንበያው ላይ የሚነበበው የማዕበል ከፍታ ብቻውን ብዙ የማይናገረውም ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ማዕበል እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 8 ሰከንድ ከሆነ ሁለት ሜትር የሆነው ማዕበል በጥልቅ ባሕር ላይ ያንገላታል፣ 16 ሰከንድ ከሆነ ግን ያው ሁለት ሜትር በጥልቁ ላይ እምብዛም ሳይታወቅ ያልፍና ብዙ ኃይል ስለተሸከመ ደፉ ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው እጅግ ልቆ ይነሣል።

ደንጀነስን በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ማጥመድ የተከለከለ ነው፤ የሚፈልገው ሰው በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር አልፎ ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል። ከድልድዩ ውጭ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ሰፊ የአሸዋ ደፍ አለ፤ ፖቴቶ ፓች በሚባለው ሰሜናዊ ክፍሉ ጥልቀቱ ወደ 7 ሜትር ገደማ የሚወርድበት ስፍራ ስላለ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ውኃው እንደ ፍል ውኃ ይንተከተካል። ወደ ሰሜን በኦሪገንና በዋሽንግተን ድንበር የሚገኘው የኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ከዚህም የከፋ ሲሆን፣ ከ1792 ወዲህ ወደ 2,000 የሚጠጉ መርከቦችና ጀልባዎች በአካባቢው እንደሰጠሙ ይነገራል። በእነዚያ ግዛቶች ኮስት ጋርድ፣ ማለትም የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ ማዕበሉ ሲበረታ ደፉን ለትናንሽ ጀልባዎች ይዘጋል፤ ነገር ግን ማለዳ ክፍት የነበረው ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላልና ቀድሞ የወጣው ሰው ውጭ ተይዞ ይቀራል። መመለሱ ከመውጣቱ የሚከብደው በሌላም ምክንያት ነው፤ ከውስጥ የሚወጣ ሰው የሚሰበረውን ማዕበል ፊት ለፊት ያየዋል፣ ከውጭ ለሚመለሰው ግን የሚታየው ለስላሳው ጀርባው ብቻ ስለሆነ ምን ያህል እንደከፋ የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው።

ለሸርጣን የሚወጣ ጀልባ ደግሞ ለዓሣ ከሚወጣው የተለየ ድክመት አለበት። ወጥመዱ ከብረት ክብ ክፈፍና ከሽቦ መረብ የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ የዶሮ እግር፣ ስኩዊድ ወይም የዓሣ ጭንቅላት ይታሰርና ከረጅም ገመድና ከተንሳፋፊ ምልክት ጋር ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሸርጣኑ በአንድ ወገን ብቻ በሚከፈት በር ገብቶ መውጣት ያቅተዋል። ወጥመዶቹ በጀልባው ላይ ሲደረደሩ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጀልባው በቀላሉ ያዘነብላል። የባሰው ግን ወጥመዱ በሚነሣበት ጊዜ ያለው ነው፤ በአሸዋ የተቀበረው ወጥመድ እንቢ ሲል ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጎን ተደግፈው ይጎትታሉ፣ የላላው ገመድ በሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ጀልባውም በኋላው በኩል ከባሕሩ ወለል ጋር ታስሮ ይቀራል። ሞተር የሚሰካበት የኋላው ግድግዳ ከሌላው ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀጣዩ ማዕበል የሚገባው በዚያው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በአብዛኛው የሚያድነው ገመዱን ወዲያው መቁረጥ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን ለወጥመዱ ዋጋ እየሳሳ ቢላውን ፍለጋ ይዘገያል።

በኖቬምበር የዚያ ጠረፍ ውኃ ሙቀት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ላይ በገዛ አካላቸው ጭምር ምርምር ያደረጉት የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ጉዳዩን በሦስት ቁጥሮች ያስረዳሉ፤ በውኃው የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ከመዛላቸው በፊት ዐሥር ደቂቃ፣ በቅዝቃዜው ራሱን ከመሳቱ በፊት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ አለው። ይህ አንድ ሰዓት የሚቆጠረው ግን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ላይፍ ጃኬት የሚባለውን፣ ለለበሰ ሰው ነው፤ ያልለበሰው እጁ ሲዝል ቅዝቃዜው ሳይገድለው በፊት ይሰጥማል። ኮስት ጋርድ በ2023 በመላ አሜሪካ በመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ 564 ሰዎች መሞታቸውን የመዘገበ ሲሆን፣ ሰደርያ መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው የሰጠሙ ሰዎች መካከል 87 በመቶው አልለበሱም ነበር። በ2024 ለማዕድ የሚያጠምዱት ሰዎች ወቅት በተከፈተበት የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰሜን ካሊፎርኒያዋ ቦዴጋ ቤይ የወጣች አንዲት ትንሽ ጀልባ ተገልብጣ በሕይወት ዳርቻው የደረሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሰደርያውን ለብሶ ነበር።

ባለሙያው አጥማጅም ከዚህ አደጋ አላመለጠም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2000 እስከ 2006 ያለውን ጊዜ መርምሮ በሰሜን ምዕራብ የደንጀነስ አጥማጆች ዘንድ የሞቱ መጠን በ100,000 የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 463 መሆኑን ሲያሳይ፣ የመላ አገሪቱ ሠራተኞች አማካይ 4 ገደማ ነበር። በጃንዋሪ 2019 ሜሪ ቢ ቱ የተባለችው የሸርጣን ጀልባ በኒውፖርት፣ ኦሪገን፣ ደፉን ስትሻገር ተገልብጣ ተሳፋሪዎቿ ሦስቱም ሞተዋል። የንግድ አጥማጁ በማዕበል የሚወጣበት ምክንያት ቢያንስ ይገባል፤ የወቅቱ ሸርጣን ትልቁ ክፍል የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ የዘገየ ጀልባ ድርሻው በሌላው ወጥመድ ይገባል። በአላስካ፣ በቤሪንግ ባሕር የነበረው ተመሳሳይ ሽሚያ በ2005 የተወሰነ ድርሻ በማከፋፈል እንዲቀር ሲደረግ ካፒቴኑ አውሎ ነፋሱ እስኪያልፍ ወደብ ቢቆይ የሚያጣው ነገር ቀነሰ፣ ሞቱም ቀነሰ።

ለማዕዱ የሚያጠምደው ሰው ግን እንዲህ ያለ ሽሚያ የለበትም። ዐሥሩ ሸርጣኑ በመጀመሪያው ቅዳሜም በሚቀጥለው ወርም ዐሥር ነው፤ ወቅቱም በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ እስከ ጁን 30 ይዘልቃል። ስለዚህ ሰደርያ የማስለበሱ ሕግ ሊጫን የሚገባው በእርሱ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሊፎርኒያ በሚንቀሳቀስ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ሰደርያ እንዲለብስ የምታስገድደው ከ13 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ለአዋቂው ሰደርያው በጀልባው ውስጥ መኖሩ ይበቃዋል፤ ኒውዮርክ በአንጻሩ ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ባለው ጊዜ ከ21 ጫማ ባነሰ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ አባትም ልጅም፣ እንዲለብስ ታዛለች። የሸርጣን ወቅት ከመክፈቱ በፊት ስንት ዓሣ ነባሪ በገመድ እንደተጠላለፈ የሚቆጥር ግዛት ይህን አንድ አንቀጽ ለመቅዳት የሚያቅተው አይመስልም።

ጀልባም ግዴታ አይደለም። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለችው ፓሲፊካ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የተሠራ የሕዝብ መድረክ አለ፤ በካሊፎርኒያ ከእንዲህ ዓይነት የሕዝብ መድረክ ላይ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ሸርጣንም ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ክብ መረብ ይያዛል። ከዚያ ወደ ደቡብ በሃፍ ሙን ቤይ ባለው ፒላር ፖይንት ወደብ ደግሞ የንግድ ወቅቱ ሲከፈት አጥማጆቹ ከነሕይወቱ በቀጥታ ከጀልባቸው ላይ ይሸጣሉ፤ ገዢው የሚሸከመው ባልዲና ገንዘብ ብቻ ነው።