የመንገድ ሥዕልና የአዳራሽ ሥዕል

ከልጅ ጋር በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገዱ እጥፍ እንደሚረዝምበት ያውቃል። እኛ ሳናይ የምናልፈውን ሁሉ ልጅ ያየዋል። ግድግዳ ላይ ሥዕል ካገኘማ ጎትተው ካልወሰዱት በቀር ንቅንቅ አይልም። «ይሄ ማነው? ማን ሣለው? ዓይኑ ለምን ትልቅ ሆነ?» እያለ ያጣድፈናል። እኛ ደግሞ «ና ቶሎ፣ ታክሲ ያመልጠናል» እንለዋለን።

የመንገድ ጥበብ ትልቁ ጸጋ ሳይጠሩት መምጣቱ ነው። ትኬት የለው፣ «ድምፅህን ቀንስ» የሚል ጥበቃ የለው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን አንበሳ እንውሰድ። ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ 25ኛ ዓመት በዓል ነው። ታክሲ ጠባቂውም፣ ሊስትሮውም፣ ሎተሪ አዟሪውም እኩል ያዩታል።

የአዳራሽ ሥዕል ጥቅሙ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ሥዕል ከመኪና ጩኸትና ከማስታወቂያ ጋር ይሻማል። አዳራሽ ውስጥ ግን ጠጋ ብሎ የብሩሹን ዱካ፣ ራቅ ብሎ ሙሉውን ሥዕል ማየት ይቻላል። ከዝናብና ከፀሐይም ይጠበቃል። የመንገዱ ሥዕል ግን ግድግዳው ሲታደስ ይቀባል፣ ሲፈርስም አብሮ ይፈርሳል።

በእውነተኛ ስሙ ያልታወቀው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ባንክሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ውስጥ በአንድ ግድግዳ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቀይ ፊኛ ያመለጣትን ሕፃን ሣለ። መንገደኛው በነፃ አየው፤ በኋላ ግን ያ ሥዕል ከግድግዳው ጠፋ። ሠዓሊው ያንኑ ሥዕል በሸራ ላይ ሠርቶት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሶዝቢስ ጨረታ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። የጨረታው መዶሻ እንዳረፈ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ መቆራረጫ ሥዕሉን እስከ ግማሹ ተለተለው። ከ3 ዓመት በኋላ ያው የተተለተለ ሥዕል ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ልጅ ዋጋ ሁሉ በብር እንደማይለካ እንዲገባው ይህን ታሪክ ብትነግሩት አይከፋም።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የሥዕል አዳራሽ የፈረንጅና የተማረ ሰው ቦታ ይመስለናል። በሩ ላይ ደርሰን እንመለሳለን። ልጆቻችንም ይህን ፍርሃት ከእኛ ይወርሳሉ። አንድ ልጅ ወላጁ ደፍሮ ያልገባበትን በር ካደገ በኋላ «የእኔ ቦታ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሥዕል ማየት ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች አይረሳም። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶች ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ታሪክ «ያነቡ» ነበር፤ ለልጅ ልጆቻቸውም በጣታቸው እያሳዩ ይተርኩላቸው ነበር። ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ ይህን ሥራ ከእናንተ የተሻለ የሚችለው የለም።

መንገድ ላይ ልጁ ሲቆም ሁለት ደቂቃ አብራችሁት ቁሙ። ለመመለስ አትቸኩሉ፤ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» በሉት። ከዚያ አንድ ቀን አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዱት፤ ከሉሲ ሌላ የሠዓሊዎቻችን ሥራዎችም አሉበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም አለ። ሁሉንም ካላየን አትበሉ፤ ለአንድ ቀን ሦስት ሥዕል ይበቃል። «ከነዚህ አንዱን ቤታችን ብንሰቅል የቱን ትመርጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቤት ስትመለሱ ወረቀትና እርሳስ ስጡት።

የሠፈራችሁን ግድግዳ ግን ለሌላ ጊዜ አታቆዩት። የሙዚየሙ ሥዕል የሚቀጥለው ወርም ይጠብቃችኋል፤ ግድግዳው ግን ላይጠብቅ ይችላል።