ጉራጊኛው ሁሉም ጋ ይጨፈራል፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ መድረኩ የታለ?

አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ዲጄው ጉራጊኛ ሲለቅ ወንበር ላይ የሚቀር የለም። የየትም አገር ልጅ ይሁን፣ እግሩን ያነሳል። እስቲ ደግሞ በአዘቦት ቀን ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ውረዱና ባንድ ያለበት ጭፈራ ቤት ፈልጉ። እኔ እንዳየሁት ባብዛኛው የሚጠብቃችሁ ስፒከርና ፍላሽ ነው።

መስቀል ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። አገሩ የሚገባው ሰው ከተማውን ይሞላዋል፣ ከአዲስ አበባ ድምፃዊና ባንድ ይመጣል። በዓሉ ሲያልፍ ባንዱም ዕቃውን ጭኖ ከእንግዳው ጋር ይመለሳል።

በባለቤቶቹ አልፈርድም። ባንድ ማለት ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ሁለት ሦስት ድምፃዊ ነው። የስድስት ሰው ክፍያ፣ ራትና ማደሪያ ማለት ነው። ዲጄ ግን አንድ ሰው ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ነው። ማክሰኞ ማታ አሥር ደንበኛ ብቻ የሚገባበት ቤት የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው።

ኪሳራው ግን ከጭፈራው ያልፋል። የምሽት ቤት መድረክ እኮ ለሙዚቃችን ትምህርት ቤት ነበር። የጉራጌ ልጅ የሆነውን ማሕሙድ አህመድን ውሰዱ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ በረዳትነት ይሠራ ነበር። ድምፃዊ በቀረበት አንድ ምሽት ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ዘፈነና መንገዱ ተከፈተለት። ከስልሳ ዓመት በላይ ዘፍኖ በጥር 2017 ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ መድረኩን ተሰናበተ። ዕድሉ የመጣው ቤቱ ውስጥ ባንድ ስለነበረ ነው። ዲጄ ቢቀር ሌላ ፍላሽ ይሰካል እንጂ ከጓዳ የሚጠራ ሰው የለም።

"አሁን ቲክቶክ አለ" የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ነው፣ ቲክቶክ ተመልካች ያመጣል። ግን እዚያ ስትሳሳት ታጠፋውና ትደግመዋለህ። ከባንድ ጋር ስትሳሳት ሰው እያየህ፣ ምቱ ሳይቆም ትመለሳለህ። ይሄን የሚያስተምረው መድረክ ብቻ ነው። መድረክ የሌለው የወልቂጤ ልጅ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ቤት ኪራይ እየከፈለ መጀመር አለበት። ስንቱ ይችላል?

ሁለቱ ከተሞች ድሮ የሚያልፉባቸው የመንገድ ከተሞች ብቻ አይደሉም። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ ሁለቱም የዞን ዋና ከተሞች ናቸው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አላት። ጨፋሪ አይጠፋም።

አንድ ቤት ብቻውን ባይችል፣ አራት ቤቶች አንድ ባንድ ይቅጠሩ፤ ሐሙስ አንዱ ጋ፣ ዓርብ ሌላው ጋ ይጫወት። ከተማ አስተዳደሩ ደግሞ ጎረቤት እንዲተኛ የመዝጊያ ሰዓቱንና የድምፁን ልክ ቁርጥ አድርጎ ያሳውቅ። ዛሬ ማታ ቢራ ከሚያመላልሱት ልጆች መካከል ጥሩ ድምፅ ያለው ይኖራል። መድረክ ከሌለ ግን ድምፁን ከሥራ ባልደረቦቹ በቀር ማንም አይሰማውም።