ከማመልከቻው በፊት ሥራው ይቅረብ

ከዩኒቨርሲቲ አብረን የወጣን አንድ ወዳጅ አለኝ። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ተቀጥሮ ይሠራል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያሳርፈው ነገር መጠጥ ወይም ካርታ ሳይሆን የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይህን ስል አንዳንዱ አንባቢ «ወጣቶቻችን ዕድሜያቸውን በጨዋታ ጨረሱት» ብሎ ሊቆጣ እንደሚችል አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ቁጣውን ለጥቂት ደቂቃ ያቆይልኝና ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ጨዋታው ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም። ተጫዋቹ ነጋዴ ሆኖ፣ ግመል ጭኖ፣ ቅፍለት እየመራ ከገበያ ወደ ገበያ የሚጓዝበት፣ ጥቂት ሰዎች በውጭ አገር የሠሩት ትንሽ ጨዋታ ነው። ወዳጄ ከታናሽ ወንድሙ ጋር እየተቀባበለ ይጫወተዋል። ልጁ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሆነ እንግሊዝኛው ገና አልጠናለትም፤ ስለዚህ በየደቂቃው «ጋሼ፣ ይኼ ምን ይላል?» እያለ ይጠይቃል፤ ታላቁም እየተረጐመ ይነግረዋል። ታላቁ ከቢሮ ሲያመሽ ግን ልጁ ጨዋታውን ከፍቶ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ መልሶ ይዘጋዋል።

አንድ ማታ ወዳጄ ወደ እኔ መጣና፣ «ይህ ጨዋታ ከታወቁት የሞድ ማከማቻዎች በአንዱ ቢመዘገብ ኖሮ አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ አማርኛ ይመልሰው ነበር። አንተ እንግሊዝኛህ ደኅና ነውና ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ጻፍኩለት። ማመልከቻው ሁለት ገጽ ነበር። በመጀመሪያ ማከማቻውን አመሰገንን፤ ቀጥሎ የጨዋታውን መልካምነት ዘረዘርን፤ በመጨረሻም የስድስት ወዳጆቻችንን ስም አሰፈርንበት። ማኅተም ቢኖረን ኖሮ ማኅተምም ባደረግንበት ነበር።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሦስት መስመርም አይሞላ። ለአንድ ጨዋታ ክፍል የሚከፈተው የመጀመሪያው ሞድ ሲቀርብ መሆኑን ገልጦ፣ «የምታቀርቡት ሞድ አላችሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ወዳጄም አንብቦ ሲጨርስ፣ «ለካ እዚያም ‹ነገ ተመለስ› አለ!» አለ። እኔም በዚያን ጊዜ ተስማምቼ ነበር። ዛሬ ግን አልስማማም፤ ይህንንም ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልግለጥ። ሞድ ማለት አንድ ሰው በተሠራ ጨዋታ ላይ የራሱን ለውጥ ወይም ጭማሪ አድርጎ ለሌሎች የሚያካፍለው ሥራ ነው። አዲስ አገር፣ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ልማዱ የተስፋፋው በ1993 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ ነው። ኩባንያው ሥዕሉን፣ ድምፁንና የቦታዎቹን ንድፍ ከዋናው ፕሮግራም ለይቶ ዋድ በሚባል ፋይል ውስጥ ስላስቀመጠው፣ ተጫዋቾች ዋናውን ሳያበላሹ የራሳቸውን ንድፍ መጨመር ቻሉ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሚን ሊና ጓደኛው ጄስ ክሊፍ፣ ሃፍ ላይፍ በተባለው ጨዋታ ላይ ካውንተር ስትራይክ የተባለውን ሞድ ሠሩ። የሃፍ ላይፍ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ሞዱን የራሱ አደረገው፤ ሠሪዎቹንም ቀጠራቸው፤ በ2000 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። እነዚህ ወጣቶች ወደ ቫልቭ የገቡት በሠሩት ሥራ እንጂ በጻፉት ማመልከቻ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ጨዋታ በሞድ ማከማቻ «ተቀባይነት አገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው? ወዳጄና እኔ የመሰለን አንድ ሹም ፈርሞ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር። ነገር ግን መደርደሪያውን መክፈት ከሁሉ የቀለለው ነው። የሚከብደው፣ አንድ እንግዳ ሰው ሞዱን አውርዶ በኮምፒዩተሩ ላይ በትክክል እንዲያኖረው ማድረግ ነው። ለምሳሌ ያህል ኔክሰስ ሞድስ የተባለው ትልቅ ማከማቻ ቮርቴክስ የሚባል የማስገቢያ ፕሮግራም አለው። ይህ ፕሮግራም ጨዋታውን እንዲያውቀው አንድ ሰው በጃቫስክሪፕት አነስተኛ ጽሑፍ ይጽፍለታል። በጽሑፉም የጨዋታው ስም ማን እንደ ሆነ፣ የሚነሣበት ፋይል የትኛው እንደ ሆነ፣ ጨዋታው በዲስኩ ላይ በምን እንደሚገኝ፣ ሞዱስ በየትኛው ፎልደር መግባት እንዳለበት ይነገረዋል። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን የጻፉት ደመወዝ የማይከፈላቸው ተጫዋቾች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ይቆጨኛል። ቮርቴክስ ሞዱን በራሱ ፎልደር ካስቀመጠ በኋላ፣ በተለመደው አሠራሩ ወደ ጨዋታው አይገለብጠውም። ለዚያው ፋይል በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ሁለተኛ ስም ያወጣለታል። አንድ ሰው የክርስትና ስምና የዓለም ስም ቢኖረው ሁለት ሰው እንደማይሆን ሁሉ፣ ፋይሉም አንድ ነው። ሞዱ አልፈለግም ሲባል ሁለተኛው ስም ይሰረዛል፤ ጨዋታውም እንደ ነበረ ይመለሳል። ነገር ግን ሁለቱ ስሞች በአንድ የዲስክ ክፍል ላይ መሆን አለባቸው። ጀማሪው ጨዋታውን በአንዱ ዲስክ፣ ሞዱን በሌላው ያኖርና አልሠራ ሲለው «ይህ ማከማቻ የእኔን ጨዋታ አይደግፍም» እያለ ይማረራል።

ከዚህ ሌላ የጨዋታው ባለቤት ፈቃድ አለ። ይህም እንደ ሰው ጠባይ ይለያያል። ቤቴስዳ በ2002 ዓ.ም. ሞሮዊንድን ሲያወጣ የማሻሻያ መሣሪያውንም አብሮ ሰጠ። የቤልጅጉ ላሪያን ደግሞ ባልደርስ ጌት 3ን በ2023 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ ተጫዋቾች ወዲያውኑ ሞዶቻቸውን በኔክሰስ ሞድስ አከማቹ። ኩባንያው በበኩሉ በሴፕቴምበር 2024 ዓ.ም. የራሱን መሣሪያ አወጣና ሞድ ዶት አዮ ከተባለው ማከማቻ ጋር ጨዋታውን አገናኘው። በቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ በሚሠራው ኮንሶል ተጫዋቹ እንደ ልቡ ፋይል ማስገባት ስለማይችል፣ ለእነዚያ ሰዎች ባለቤቱ ከከፈተው በር በቀር ሌላ በር የለም። በተቃራኒው ቴክ ቱ የተባለው ኩባንያ በጁን 2017 ዓ.ም. ኦፕን አይቪ የተባለውን የግራንድ ቴፍት ኦቶ የሞድ መሣሪያ በሕግ ደብዳቤ አስፈራርቶ አስቆመው። ተጫዋቾች በጨዋታው ላይ የወቀሳ ናዳ አወረዱበት፤ መሣሪያውም በዚያው ወር ተመለሰ። የሚያስቀው ግን የዚሁ ኩባንያ ክፍል የሆነው ሮክስታር በ2023 ዓ.ም. ፋይቭ ኤም የተባለውን ዝነኛ ሞድ ከሠሩት ሰዎች ጋር ተዋውሎ የራሱ ማድረጉ ነው።

ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። «መጀመሪያ ሞድ አምጡ» የሚለው ደንብ ትክክለኛ ነው እላለሁ። የተጠየቀው ሁሉ ቢከፈት ማከማቻው ስማቸው የተለጠፈ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ የሆነ መደርደሪያዎች መጋዘን በሆነ ነበር። ከዚህም ይልቅ ማመልከቻችን የሚያስረዳው መፈለጋችንን ብቻ ነው። የጨዋታው ፋይሎች የሚከፈቱ ይሁኑ የተቆለፉ፣ ጽሑፉ የሚለወጥ ይሁን የማይለወጥ፣ ይህን ሊያስረዳ የሚችለው የተሠራ ሞድ ብቻ ነው። እኛ ስድስት ሰዎች ስማችንን ስናሰፍር ከመካከላችን የጨዋታውን ፎልደር ከፍቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ከቢሮ የለመድነው ጠባይ ይመስለኛል። ጉዳይ ማለት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከገባ ሥራው ተሠራ እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ነው። እኔም በተቀጠርኩ በዓመቴ ይኸው ጠባይ እንደ ተጋባብኝ ያወቅሁት በዚህ ጨዋታ ምክንያት ነው።

ሆኖም መጀመሪያ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ዋጋውን ያገኛል ብዬ አልሰብክም። በኤፕሪል 2015 ዓ.ም. ቫልቭና ቤቴስዳ የስካይሪም ሞዶች በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው ከመቶ 25 ብቻ ነበር፤ ይኸውም እርቦ መሆኑ ነው። በድሮው ሥርዓት በእኛ አገር እኩል አራሹ እንኳ በሰው መሬት አርሶ ግማሹን ይወስድ ነበር! እውነት ነው፣ መሬቱ የቤቴስዳ ነው፤ ገበያውም የቫልቭ ነው። ነገር ግን በሬውም ላቡም የሠሪው ነው። ተቃውሞው ከድርሻው ማነስ ብቻ አልመጣም፤ አንዱ ሞድ በሌላው ላይ ተደግፎ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ በነፃ የተሰጠ ሥራ በሰው ሞድ ውስጥ ሲሸጥ ማየት ብዙዎችን አስቆጣ። ነገሩ ከአራት ቀን በኋላ ቀረ፤ የከፈሉትም ሰዎች ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ኔክሰስ ሞድስ ከእንግዲህ ወዲያ የገባ ሞድ ሠሪው ቢፈልግም ፈጽሞ አይጠፋም፣ ከዕይታ ተነሥቶ በመዝገብ ይቀመጣል እንጂ፣ የሚል ደንብ አወጣ። ምክንያቱም ብዙ ሞዶችን በአንድ ዝርዝር አስሮ የማውረድ አሠራር እየተዘጋጀ ስለ ነበር፣ ከመካከሉ አንዱ ሲጐድል ዝርዝሩ በሙሉ ይፈርሳል። ያልተስማሙ ሠሪዎች ሥራቸውን እንዲያነሡ አንድ ወር ያህል ተሰጣቸው፤ ያነሡም ነበሩ። ወዳጄ የመዝገብ ሰው ነውና፣ «መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ዋናው አይወጣም» ብሎ ለማከማቻው ፈረደ። እኔ ግን ልቤ ተከፍሏል። በነፃ የሰጠ ሰው እጁን መሰብሰብ ከተከለከለ ስጦታው ወደ ግዴታ የሚያደላ ይመስለኛል። ይሁንና የራሴን ሞድ የት እንዳኑር ብጠየቅ እዚያው አኖራለሁ፤ የጊዜ ገደቡን አስቀድመው በግልጥ መናገራቸው መልካም ነውና።

ለማንኛውም የሦስት መስመሩ መልስ ከደረሰን በኋላ በነበረው ቅዳሜ የጨዋታውን ፎልደር ከፈትነው። የንግግሩ ጽሑፍ ሁሉ ያለ ምንም ቁልፍ በአንድ ተራ ፋይል ውስጥ ተደርድሮ አገኘነው። ሁለት ገጽ ማመልከቻ ስጽፍ የዋልኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ወዳጄ ሃያ መስመር ያህል ተርጉሞ ጨዋታውን ቢያስነሣው ግን በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥን ብቻ ተሰለፈ። የጨዋታው የፊደል ፋይል የግዕዝን ፊደል አያውቅም። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ቤት ብናባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። ይህን ሁሉ እንሣል ብለን ፈርተን ነበር። በኋላ ግን አቢሲኒካ የተባለውን የኤስ አይ ኤልን የፊደል ፋይል አገኘን። ፈቃዱ ከሌላ ሥራ ጋር አብሮ ለማደል የማይከለክል ስለ ሆነ፣ የፈቃዱን ወረቀት ጨምረን በጨዋታው ፊደል ቦታ ተካነው። ሣጥኖቹ ፊደል ሆኑ።

ትርጉሙ አምስት ሳምንት ፈጀ። የተከራከርንበትን ሁሉ ብጽፍ ይህ ገጽ አይበቃኝም። የጨዋታው ሰዎች ግመል መጫንንም፣ ያቆሙትን ጨዋታ መቀጠልንም በአንድ ቃል «ሎድ» ይሉታል። ሁለቱንም «ጫን» ብለን ብንተረጉመው ልጁ፣ «ግመሉን ነው ወይስ ጨዋታውን?» ብሎ ጠየቀን። ሁለተኛውን «ካቆምክበት ቀጥል» አልነው፤ ይህም በአዝራሩ ላይ አልበቃ ብሎ ጫፉ ተቆረጠ፤ «ቀጥል» ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሞዱን በላክን በሁለተኛው ቀን ክፍሉ ተከፈተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው በዚያው መደርደሪያ የቱርክኛ ትርጉም አኖረ፤ ፊደሉን የተካበትን መንገድ ከእኛ ሞድ እንዳየም በመግለጫው ላይ ጽፏል። ወዳጄ ይህን ባነበበ ጊዜ የሆነውን ደስታ ደመወዙ በተጨመረለት ቀን አላየሁበትም።

ትናንት ማታ እቤታቸው ብሄድ ልጁ ለብቻው ተቀምጦ ይጫወታል። ታላቁ ገና ከቢሮ አልገባም ነበር። እኔን ሲያይ ጨዋታውን አቁሞ ወደ አንዱ ገበያ የዋጋ ዝርዝር እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ‹ቸው› ምን ማለት ነው?» አለኝ። ቀረብ ብዬ ባየው «ጨው» ለማለት ነበር፤ በምንጽፍበት ሰሌዳ አንዲት ቁልፍ ሳትያዝ ቀርታ ነው። በስድስት ገበያ ላይ እንደዚሁ ተጽፏል። የታረመውን ዛሬ ማታ እንልካለን።