ሱፐር ግሉ ሁሉን አይጠግንም!

ማክሰኝት ደህና ናት፤ የጎንደርና የባሕር ዳር መኪና ሲያልፍ ሲያገድም እያየች ትውላለች።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ቅር አይበላችሁ፤ ወደ ፍቅሩ ሌላ ሳምንት እንመለሳለን። ዛሬ የምናወራው ስለ ሙጫ ነው። "ሙጫ ደግሞ ምን ይወራለታል?" የሚል ካለ የተከራያትን አንድ ክፍል ቤት ዞር ዞር ብሎ ይይ። ሶሉ አፉን የከፈተ ጫማ፣ እግሩ የሚወላወል በርጩማ፣ እጀታው የወለቀ ኩባያ፣ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ሥሩ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን… ከነዚህ አንዱ እንኳ የሌለበት የወንደላጤ ቤት ካለ እኔ ልቀጣ!

ይህን ርእስ ያስመረጠችኝ አንዲት አንባቢ ናት። "ከደሞዜ ላይ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የምትተርፈኝ ጥቂት ናት። አዲስ ዕቃ መግዛት ስለማልችል የተሰበረውን ሁሉ በሱፐር ግሉ እለጥፋለሁ። ሁሉም ግን ሳምንት ሳይሞላው ይለቅብኛል። ሱፐር ግሉው ፎርጂድ ነው ወይስ እኔ ነኝ እድለ ቢስ?" ትላለች።

እህቴ፣ አንቺ እድለ ቢስ አይደለሽም። ሱፐር ግሉውም ፎርጂድ ላይሆን ይችላል። ችግሩ ለበሽታው ሁሉ አንድ መድኃኒት መስጠትሽ ነው። የራስ ምታት ኪኒን ለተሰበረ እግር ይሰጣል እንዴ? ሱቅ ሄደን "ጠንካራውን ሙጫ ስጠኝ" ማለት ለምዶብናል። መጠየቅ ያለብን ግን "ለዚህ ዕቃ የሚስማማው የትኛው ነው?" ብለን ነው።

ለዚህም ኪሳችንን ከመፍታታችን በፊት ዕቃውን አራት ነገር እንጠይቀው። አንደኛ፣ ከምን ነው የተሠራኸው? ሁለተኛ፣ ስትሠራ ትታጠፋለህ ወይስ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ? ሦስተኛ፣ ውኃ ያገኝሃል? አራተኛ፣ እሳት ወይም ትኩስ ነገር ይነካሃል? እነዚህን የመለሰ ሰው ሙጫውን ግማሽ መንገድ መረጠ ማለት ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ነጩ ኮላ

የእንጨት ወዳጅ ነው። ኮላ ውስጡ ውኃ አለ። የሚደርቀው ውኃው ወደ እንጨቱ ሲሰርግና ወደ አየር ሲወጣ ነው። ብረትና ብርጭቆ ውኃ አይጠጡም፤ ስለዚህ ኮላ ለነሱ አይሆንም። ለበርጩማ እግር፣ ለኮምፔንሳቶ፣ ለረከቦትና ለኮሞዲኖ ግን ከሱ የሚሻል የለም። በደንብ የተሠራ የኮላ መጋጠሚያ ቢጎተት ብዙ ጊዜ እንጨቱ ራሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

"በደንብ የተሠራ" ስል ምን ማለቴ ነው? በመጀመሪያ አሮጌው ሙጫ ተፍቆ ይነሣ። አዲስ ኮላ አሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። ቀጥሎ በስሱ ይቀባና ሁለቱ እንጨቶች ጥብቅ ተደርገው ይታሰሩ። ሞርሳ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ባሕር ዳር ብስክሌት ሞልቷል፤ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቀደደ ላስቲክ ጥሩ አድርጎ ያስራል። የተረፈውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና እስከ ማግስቱ አትንኩት። "ያዘ እንዴ?" እያላችሁ በየሰዓቱ የምታነቃንቁት ከሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ሌላም ልጨምር፤ ተራው ኮላ ውኃ አይወድም። ውጪ የሚያድር፣ ዝናብ የሚመታው ዕቃ ከሆነ ውኃ የሚችለውን ዓይነት ጠይቃችሁ ግዙ።

የዱቄት ሙጫ

ለወረቀት ሥራ ገንዘብ አታውጡ። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ውኃ ጓጉሎ እንዳይቀር በጥብጣችሁ፣ እያማሰላችሁ እስኪወፍር ድረስ አፍሉት። ሲቀዘቅዝ ለፖስታ፣ ለደብተር ሽፋን፣ ለትምህርት ቤት የእጅ ሥራ፣ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ጋዜጣም ይሆናል። (ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ግድግዳችሁ ላይ ብትለጥፉት አልቀየምም።) ጉድለቱ ሁለት ነው። በቀናት ውስጥ ይሻግታል፤ ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ። አይጥና በረሮም ይወዱታል።

ጨርቅን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ በእኛ አገር የቆየ ጥበብ ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያያችሁ ግድግዳውን የሞሉትን ሥዕሎች ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣሉ አይደሉም። የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ስንት ዘመን ቆዩ! የነሱም ጠላት ግን የእናንተው በርጩማ ጠላት ነው፤ እርጥበት። ጣራው ሲያፈስ ጨርቁ ከግድግዳው ይላቀቃል። ስለዚህ ሙጫው ለምን ለቀቀ ከማለታችሁ በፊት ውኃው ከየት እንደመጣ እዩ።

ማስቲሽ

ለሚታጠፍ ነገር ሁሉ ማስቲሽ ነው። ጫማ፣ ቆዳ፣ ጎማ፣ ስፖንጅ…

አንድ የማውቀው ልጅ ባሕር ዳር ለሥራ ፈተና ተጠራ። ዋዜማውን ያለችው አንዲት ጫማ ሶሏ ተላቀቀ። ሱፐር ግሉ ገዝቶ ግጥም አድርጎ ለጠፋት። ማታ ሲያያት ድንጋይ ሆናለች፤ ደስ አለው። በማግስቱ መናኸሪያ ወርዶ መቶ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ ሶሉ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። ፈተናውን እግሩን ወንበር ሥር ደብቆ ተፈተነ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፤ መታጠፍ አይችልም። ጫማ ደግሞ በየእርምጃው ይታጠፋል። ማስቲሽ ግን ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ ይለጠጣል።

አሠራሩን እዚሁ ማክሰኝት ካሉ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ጠይቄ ነበር። "ልጄ፣ ማስቲሽ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ካልታገሥኸው አያስታርቅልህም" አሉኝ። ሁለቱንም ወገን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጎ አቧራውን ማራገፍ፣ ከዚያ ሁለቱንም ወገን በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። አንድ ወገን ብቻ ቀብታችሁ እንዳትጠብቁ! (የአንድ ወገን ፍቅር ውጤቱን ታውቁታላችሁ።) ዋናው ምሥጢር ቀጥሎ ነው። ወዲያው አታገናኟቸው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አናፍሱት፤ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ብቻ አስተካክላችሁ አገናኙና በኃይል ተጫኑት፣ በመዶሻም ደብደብ አድርጉት። አንዴ ከተገናኘ "ትንሽ ወደዚህ ጠጋ ላድርገው" ማለት የለም።

ሱፐር ግሉ

ታሪኩ ደስ ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ሃሪ ኩቨር የሚባል የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልግ ነበር። የሞከሩት ነገር የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገራቸው ጣሉት። በ1951 በሌላ ሥራ ላይ እንደገና ሲያገኙት ነው "ይኼማ ሙጫ ነው!" ያሉት። ገበያ የወጣው በ1958 ነው።

ሱፐር ግሉ የሚይዘው በአየሩና በዕቃው ላይ ባለው ትንሽ እርጥበት ነው። ጣታችንን እንደዚያ ፈጥኖ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ጣት ወዛም ነዋ! የሚሆነው ለትንንሽ፣ ልክክ ብለው ለሚገጥሙ፣ ለማይታጠፉ ነገሮች ነው። የተሰበረ ጌጥ፣ የሸክላ ቅርጽ፣ የሬዲዮ ቁልፍ። አንድ ጠብታ ይበቃል። ብዙ ማፍሰስ ያዳክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሰፊ ክፍተትም አይሞላም።

አሁን ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡኝ። ጣት ከጣት ቢጣበቅ አትገንጥሉ። ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ እያላችሁ አላቅቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም ይረዳል፤ ዓይንና ከንፈር አካባቢ ግን በፍጹም! ዓይን ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን በግድ ለመክፈት አትታገሉ። በንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ቱቦው የዓይን ጠብታ ስለሚመስል ከመድኃኒት ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጡት፤ በዚህ የተነሣ ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ ይግላል፤ ቆዳ እስከ ማቃጠል ይደርሳል። የፈሰሰውን በነጠላችሁ ጫፍ እንዳትጠርጉት።

ባለሁለት ቱቦው

ኢፖክሲ ይባላል። ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል ጨምቆ ማደባለቅ ነው። ለብረት፣ ለድንጋይ፣ ለወፍራም ሸክላ ይሆናል። ክፍተት ስለሚሞላም ጠርዙ ለተሸራረፈ ዕቃ ከሱፐር ግሉ ይመረጣል። አንዱን ቱቦ አብልጣችሁ ብትጨምሩ ቶሎ አይደርቅላችሁም፤ እንደ ማር ለስልሶ ይቀራል። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ያሳክካል።

ታዲያ አንገቱ የተሰበረ ጀበናስ? አይሆንም! እሳት ላይ የሚጣድ፣ የምንጠጣበትና የምንበላበት ዕቃ በሙጫ አይጠገንም። ሙጫው በሙቀት ይለቃል፣ የለቀቀው ደግሞ ቡናችሁ ውስጥ ይገባል። ጀበናውን የአበባ ማስቀመጫ አድርጉትና ሌላ ግዙ።

ጀሪካኑስ?

አንባቢያችን ስንት ቱቦ ሱፐር ግሉ ጀሪካን ላይ እንዳፈሰሰች አላውቅም፤ ገንዘቧ ግን ፈሰሰ። ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ሙጫ የማያስጠጋ ዓይነት ነው። ኮላም፣ ሱፐር ግሉም፣ ኢፖክሲም ትንሽ ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የሚያዋጣው በየሰፈሩ ያሉት ጠጋኞች የሚያደርጉት ነው፤ በጋለ ብረት ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ማያያዝ። ይህም ውጪ፣ አየር ባለበት ይሠራ። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የነበረበትን ጀሪካን ግን የጋለ ብረት እንዳታስነኩት፤ ቤታችሁን ያነዳል።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ሙጫ ከናካቴው አያሻውም። የጣናን ታንኳ እዩ። ደንገሉ ታስሮ ታስሮ ነው ውኃ ላይ ሰውና እንጨት ተሸክሞ የሚሄደው። የሚታሰረውን እሰሩ፣ የሚሰፋውን ስፉ፣ የሚመታውን በሚስማር ምቱ። ሙጫ የቀረውን ይሥራ።

የማስቲሽ ሌላው ገጽታ

የመጨረሻውን ሳልነግራችሁ ብለያችሁ ደስ አይለኝም። ማስቲሽን ፈሳሽ የሚያደርገው ቶሎ የሚተን ኬሚካል ነው። እሱ ነው የሚሸተን። በጃፓን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በጠበበ ቤት ሰንደል ጫማ ሲለጥፉ የሚውሉ ሠራተኞች እጅና እግራቸው እየደነዘዘና እየሰነፈ ሄዶ ነበር። ሐኪሞች ሲመረምሩ ሰበቡ ሙጫው ውስጥ ያለው ሄክሳን የተባለ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። እነሱ እንጀራቸውን ሲሠሩ ነው ይህ የደረሰባቸው። ስለዚህ ማስቲሽ ስትቀቡ በርና መስኮት ይከፈት። ከሰል፣ ሻማና ሲጋራ አጠገባችሁ አይኑር፤ ትነቱ እሳት ይስባል።

በከተማችን ጎዳና ላይ ደግሞ ሆን ብለው የሚስቡት ልጆች አሉ። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም ታውቋቸዋላችሁ። ፕላስቲክ ጠርሙሱን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው አፍንጫቸው ሥር ይይዛሉ። ብዙዎቹን ብትጠይቋቸው "ረሃብና ብርድ ያስረሳል" ይሏችኋል። ያስረሳል፤ ግን አንጎልንና ነርቭን እየጎዳ ነው። ልብንም ድንገት ሊያቆም ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ እንኳ እዚያው ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ሱቅ ያላችሁ፣ ማስቲሽ ለሕፃን አትሽጡ። ጫማ ያስጠገናችሁ፣ የተረፈውን ደጅ አትጣሉ። ሦስተኛው ደግሞ እየሳበ ያለ ልጅ ስታዩ አታባርሩት፣ አትጩኹበት፣ አትምቱት። ልቡ በዚያች ሰዓት ደካማ ናት፤ ድንጋጤና ሩጫ ሊያቆሟት ይችላሉ። በለሆሳስ አናግራችሁ ነፋስ ወዳለበት ቦታ አስቀምጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ሲነቃ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን የሚበላ ስጡት። ገንዘቡ ተመልሶ ማስቲሽ ይሆናል፤ ዳቦው ግን ዳቦ ነው።

በሉ የዛሬው በዚህ ይብቃን። አንባቢያችን ሆይ፣ በርጩማሽን በኮላ፣ ጫማሽን በማስቲሽ፣ ጀሪካንሽን በጋለ ብረት አስጠግኚና ውጤቱን ጻፊልኝ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!